ከግድግዳው ጀምር

መካነ ሰላም ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። «እጠግናለሁ» ማለቴ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ የስልክ መስታወት እቀይራለሁ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ አትማለሁ፤ ከዚህ ሁሉ ጊዜ ሲተርፈኝ ኮምፒውተር እከፍታለሁ። የታላቅ እህቴ ልጅ ከእናቱ ጋር ሱቄ የመጣው እንዲህ ባለ ትርፍ ሰዓት ነው። እሷ ዕቁብ ደርሷታል፤ እሱ ስልኩ ላይ የዕቃ ዝርዝር ይዟል። የተባባልነውን እንዳስታወስኩት አስፍሬዋለሁ። የዕቁቡን ልክ ብቻ ትቼዋለሁ፤ ዕቁብተኞቹም ማንበብ ይችላሉ።

ልጁ፦ አጎቴ፣ ይችን ይዩልኝ። «በትንሽ ገንዘብ ምርጥ የጌም ኮምፒውተር» ይላል። አዲስ አበባ ሄጄ አንድ በአንድ ለቅሜ እገጥመዋለሁ።

እኔ፦ «ትንሽ ገንዘብ» ያለው ሰው የት ነው የሚኖረው?

ልጁ፦ አሜሪካ መሰለኝ።

እኔ፦ እሱ የገዛው ዕቃ ካልገጠመለት በፖስታ ይመልሰዋል። አንተ ለመመለስ በአቀስታ አድርገህ ደሴ፣ ከደሴ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ነው፤ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ። እስኪ ከላይ ወደ ታች አንብብልኝ።

ልጁ፦ አንደኛ ግራፊክስ ካርድ። ቀጥሎ ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ኬዝ። መጨረሻ ፓወር ሰፕላይ። እዚያ ላይ «በተረፈው ብር» ይላል።

እኔ፦ ገልብጠው።

ልጁ፦ ስልኩን?

እኔ፦ ዝርዝሩን። የዚያ ሰውዬ ቤት መብራት ሁልጊዜ ያው ስለሆነ ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባውም። ለኛ ግን የኮምፒውተሩ የመጀመሪያ ዕቃ ሶኬቱ ነው። ከግድግዳው ጀምርና ወደ ውስጥ ግባ። ካርዱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ግድግዳው የፈቀደለትን ያህል።

እናቱ፦ የመብራቱንማ ነገር እኔ ልንገርህ። ሲመሽ ሰዉ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ እንደ ኩራዝ ይቀላል።

እኔ፦ የሚገርምሽ እታለም፣ ኮምፒውተር የሚያቃጥለው እሱ አይደለም። ደህና ፓወር ሰፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። 220 የነበረው 170 ቢወርድ ትንሽ ይሞቃል እንጂ ይሠራል። የሚገድለው መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጠፍቶ ባንዴ ሲበራ የመጀመሪያዋ ቅጽበት እንደ ደራሽ ውሃ ናት። እኔ ዘንድ ከሚመጡት ግማሾቹ የሞቱት በዚያች ቅጽበት ነው።

ልጁ፦ ስታብላይዘር ባደርግለትስ? የፍሪጁ አለ።

እኔ፦ የፍሪጁ ለፍሪጁ ይሁን። ስታብላይዘር ከፍና ዝቅ ያለውን ያስተካክላል፤ መብራት ሲሄድ ግን አብሮ ይሄዳል። ላንተ የሚያስፈልግህ ዩፒኤስ ነው፣ ውስጡ ባትሪ ያለበት። ላዩ ላይ 650 ቪኤ የሚል ታያለህ። ሻጩ 650 ዋት ነው ይልሃል፤ አይደለም። እንዲህ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ በ0.6 ነው የሚባዙት፤ 390 ዋት ይሆናል። እሱንም ጨዋታ ላይ ከሆንክ የሚሰጥህ ለጥቂት ደቂቃ ነው።

ልጁ፦ ለጥቂት ደቂቃ ያን ሁሉ ብር?

እኔ፦ ጠረጴዛው ሥር ያለውን ካርቶን አየኸው? ሃርድ ዲስክ ነው ሙሉውን። እየጻፉ ሳለ መብራት የሄደባቸው ናቸው። አንዳንዶቹ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ይዘው ነው የሞቱት። ያቺ ጥቂት ደቂቃ ጨዋታህን አስቀምጠህ ኮምፒውተሩን በወጉ የምታጠፋባት ናት።

ልጁ፦ ግን የዓባይ ግድብ ተመርቋል እኮ።

እኔ፦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። ዓባይም ወደ ጉባ የሚወርደው በኛው በቦረና ቆላ ሥር አልፎ ነው። የጎደለን ውሃው አይደለም፤ ከዚያ እስከ ቆጣሪያችሁ ያለው ሽቦ፣ ምሰሶና ትራንስፎርመር ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፍሪጃችሁን በባዶ እግርህ ቆመህ ስትነካው ይነዝርሃል?

ልጁ፦ ትንሽ። ለምደነዋል።

እናቱ፦ እኔማ ጫማ አድርጌ ነው የምከፍተው።

እኔ፦ ሦስተኛዋ ሽቦ የለችም ማለት ነው፤ ኤርዟ። ፍሪጁም ኮምፒውተሩም ያፈሰሱትን ኤሌክትሪክ በሷ በኩል ወደ መሬት ሊያወርዱ ነው የተሠሩት። መውረጃ ሲያጣ ብረቱ ላይ ተቀምጦ እናንተን ይጠብቃል። ከካርዱ በፊት፣ ከዩፒኤሱም በፊት፣ ኤሌክትሪሽያን ጠርታችሁ መሬት ውስጥ ዘንግ አስቀብሩና ሽቦውን አስቀጥሉ። የማውቀው ርካሹ የኮምፒውተር ዕቃ እሱ ነው። ዲቫይደሩም ባለ ሦስት ቀዳዳ ይሁን፤ ሦስተኛውን እግር በፒንሳ ቆርጦ የሚሰካ ሰው አውቃለሁ።

እናቱ፦ የኛው ቤት ሰውዬ ነው። ስሙን አትጥራ።

ልጁ፦ እሺ፣ ግድግዳው አለቀ። ቀጥሎስ?

እኔ፦ ይችን አንሳት።

ልጁ፦ ፓወር ሰፕላይ ናት? እንዴት ቀለለች!

እኔ፦ ባዶ ቆርቆሮ ናት ማለት ይቻላል። ላይዋ ላይ በትልቁ 500 ዋት ተጽፏል። አሁን ጎኗን አንብብ። 12 ቮልት በሚለው ሥር ስንት አምፔር ይላል?

ልጁ፦ 18።

እኔ፦ አባዛው።

ልጁ፦ 12 ጊዜ 18... 216።

እኔ፦ ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚበሉት ከዚያች 12 ቮልት ነው። ስለዚህ 500 ብለህ የምትከፍልበት 216 ነው፤ እሱም ከጻፉት ውስጥ እውነቱ ይኼኛው ከሆነ። የመጀመሪያዋን የጌም ኮምፒውተሬን የገደለችው የዚች እህት ናት። ብቻዋን አልሞተችም፤ ማዘርቦርዱን ይዛው ሄደች። ከዚያ ወዲህ ፓወር ሰፕላይ ሲያሳዩኝ መጀመሪያ በእጄ እመዝነዋለሁ፣ ቀጥሎ ጎኑን አነባለሁ፣ ከዚያ «80 ፕላስ» የምትል የብቃት ምልክት እፈልጋለሁ። ምልክቷንም አስመስለው ይለጥፏታል፤ ክብደቱን ግን ማስመሰል ይከብዳቸዋል።

እናቱ፦ አንተ ደግሞ የገዳይ እህት ታስቀምጣለህ!

እኔ፦ ለማስተማሪያ ነው እታለም። አሁን ወደ ቁም ነገሩ፤ ምን ልትጫወትበት ነው?

ልጁ፦ ጂቲኤ 5። ፊፋና ፔስ። ከተቻለ ኮል ኦፍ ዲዩቲ።

እናቱ፦ ጂቲኤ የምትለው ያ መኪና የሚሰርቁበት ነው?

ልጁ፦ እማ፣ ታሪክ አለው እኮ።

እናቱ፦ ሌባ ሁሉ ታሪክ አለው።

እኔ፦ እስኪ ሌባውን እንየው። ጂቲኤ 5 ለኮምፒውተር የወጣው በፈረንጆቹ 2015 ነው። ሠሪዎቹ ያኔ «በደንብ እንዲሄድ ይኼ ይኑራችሁ» ብለው የጻፉት ኮር አይ5-3470 ፕሮሰሰር፣ 8 ጂቢ ራም እና ጂቲኤክስ 660 የሚባል ባለ 2 ጂቢ ካርድ ነበር። ያ ፕሮሰሰር ዛሬ የት እንዳለ ታውቃለህ? ፈረንጅ አገር ቢሮ ውስጥ ሠርቶ ጡረታ በወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ውስጥ። ሱቆቹ «ስላይትሊ ዩዝድ» ብለው ይደረድሩታል። አንተ የምትጠራቸው ጨዋታዎች አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ናቸው። ለነሱ የዘንድሮ ዕቃ መግዛት ለአንድ አህያ ጭነት ሲኖትራክ መከራየት ነው።

ልጁ፦ አዲሶቹ ጌሞችስ? ቢወጡ ባልጫወታቸው...

እኔ፦ በምን ልታወርዳቸው? አንዱ ኮል ኦፍ ዲዩቲ ብቻ ከ100 ጂቢ በላይ ነው። በዳታ ሞክረው። ሐምሌ መጨረሻ 2015 የክልሉ የሞባይል ዳታ ሲዘጋ ወራት እንደተቀመጥን ረስተኸዋል? እዚህ ጨዋታ የሚመጣው በአየር አይደለም፤ በሃርድ ዲስክ፣ በሰው ቦርሳ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት የግድ የማይል፣ ብቻህን ወይም ጓደኛህ ሌላውን ጆይስቲክ ይዞ የምትጫወተው ይሻልሃል። ያውም ጓደኛህ አጠገብህ ሲጮህ ነው ደስ የሚለው።

እናቱ፦ እኔን ያመጣኝ ምን ይመስልሃል? ጌም ቤት በየጨዋታው የሚከፍለውን አንድ ወር ሙሉ ደብተር ላይ ስመዘግብ ከረምኩ። ደምሬው ደነገጥኩ። ቤት ተቀምጦ ይጫወት፣ ከዓይኔ አይራቅ ብዬ ነው።

ልጁ፦ ትመዘግቢ ነበር?

እናቱ፦ ዕቁብ ጸሐፊ አይደለሁም እንዴ!

እኔ፦ እንግዲያው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አንተ እንዳልከው አዲስ ዕቃ ለቅሞ መግጠም። ደስ ይላል፣ አልዋሽህም። ብሩን ግን እየው። ጂቲኤክስ 1650 የሚባለው ካርድ በፈረንጆቹ 2019 ሲወጣ ዋጋው 149 ዶላር ነበር። ዶላር 57 ብር በነበረ ጊዜ ይኼ 8,500 ብር ገደማ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ገበያ ተለቀቀ፤ በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ 100 ብርን አለፈ። ያው ካርድ፣ ማንም ሳይነካው፣ ከ14,900 ብር በላይ ሆነ። የነጋዴው ትርፍና የመንገዱ ገና አልተደመረም። ራሙን ደግሞ ተወው፤ አሁን እሳት ነው።

ልጁ፦ ራም ለምን ተወደደ? አምና እኮ ርካሹ ዕቃ እሱ ነበር።

እኔ፦ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎች ጠራርገው እየወሰዱት ነው። ማይክሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለተራው ሰው «ክሩሻል» በሚል ስም ይሸጥ የነበረውን ሊተወው እንደሆነ ኅዳር 24 ቀን 2018 አስታወቀ። ለማዕከሎቹ መሸጥ ይሻለኛል ነው ነገሩ። ስለዚህ ዛሬ ራም ለብቻው የሚገዛ ሰው ከሀብታም ጋር ጨረታ እንደገባ ቁጠረው። አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ግን ራሙ ውስጡ አለ፤ ሻጩም ለይቶ አያስከፍልህም። ሁለተኛው መንገድ እሱ ነው።

ልጁ፦ የቢሮ ኮምፒውተር... ጓደኞቼ ይስቁብኛል። መብራት የሚያበራ ኬዝ ነበር ያየሁት።

እናቱ፦ መብራት ሲሄድ እሱም ይበራል?

እኔ፦ ይሳቁ። እሱ ውስጥ ካሉት ሁሉ የምወደውን ልንገርህ፤ ፓወር ሰፕላዩን። 250፣ 260፣ 290 ዋት ነው የሚለው፤ ትንሽ ይመስላል። ግን አይዋሽም። ለመንግሥት መሥሪያ ቤትና ለባንክ የተሠራ ስለሆነ የጻፈውን ይሰጣል። ያ 500 ያለህ 216 ሲሆን፣ ይኼ 260 ያለህ 260 ነው። አሁን ከግድግዳው ተነስተህ ቁጠር። ዩፒኤሱ 390 ይችላል። ፓወር ሰፕላዩ 260። ፕሮሰሰሩ 65 ይበላል። ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ማራገቢያው አንድ ላይ 50 በላቸው። ስንት ቀረህ?

ልጁ፦ 145።

እኔ፦ ሁሉንም አትብላ፤ መተንፈሻ ተውለት። ደግሞ ካርዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ራሱ ከ75 ዋት በላይ አይሰጥም። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ተጨማሪ ሽቦ ይጠይቃል፣ እነዚህ የቢሮ ኮምፒውተሮች ደግሞ ያቺ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ ካርድህን ዩቲዩብ አልመረጠልህም፤ ግድግዳው መረጠልህ። 75 ዋትና ከዚያ በታች፣ ያለ ተጨማሪ ሽቦ የሚሠራ።

ልጁ፦ አርኤክስ 580 የሚባል አለ፣ 8 ጂቢ ነው። በሱ ዋጋ የሚወዳደረው እንደማይገኝ ነው የነገሩኝ።

እኔ፦ 185 ዋት። አበቃ። ደግሞ ለምን እንደረከሰ ጠይቅ። ሰዎች በነዚህ ካርዶች ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ሲያመርቱ ነበር፤ ቀን ከሌት፣ ለዓመታት። መስከረም 5 ቀን 2015 ኢቴሪየም በካርድ መመረቱን አቆመ። በሬዎቹ ሁሉ ባንድ ቀን ከቀንበር ወጡና ገበያ ወረዱ። ከነሱ ውስጥ ደህና የለም አልልህም፤ ግን ጥርሱን ሳታይ የምትገዛው በሬ ነው።

እናቱ፦ ይኼኛውን ገባኝ።

ልጁ፦ እና 1650 ነው የሚሉኝ። 1050 ቲአይስ? እሱ ይረክሳል።

እኔ፦ እሱም 75 ዋት ነው፣ እሱም 4 ጂቢ አለው። ከሁለት ዓመት በፊት ብትጠይቀኝ እሱን ግዛ እልህ ነበር። ኤንቪዲያ ግን ለዚያ ትውልድ ካርድ ከአዳዲስ ጨዋታ ጋር የሚያስማማውን ድራይቨር ከጥቅምት 2018 በኋላ አያወጣም፤ የደኅንነቱን ብቻ እስከ 2021 ይልካል። 1650 ገና አልተነካም። ልዩነቱ ለአንድ በግ ዋጋ ካልሆነ 1650ን ውሰድ። ትልቅ ከሆነ ግን 1050 ቲአይም አያሳፍርም፤ ለጂቲኤህና ለፔስህ ይተርፋል።

ልጁ፦ አዲስ ራይዘን 5600ጂ ገዝቼ ያለ ካርድስ?

እኔ፦ አምና ቢሆን አዎ። እሱ ካርዱን ሆዱ ውስጥ ይዟል፣ ግን የሚመገበው ከራም ነው፤ ሁለት ፈጣን ራም ጎን ለጎን ካልሰጠኸው ይንቀራፈፋል። ራሙ ደግሞ እሳት ነው ብዬሃለሁ።

እናቱ፦ ወንድሜ፣ ትምህርቱስ? እኔ ለጨዋታ ብቻ አይደለም ዕቁቤን የማወጣው።

እኔ፦ ትክክል ነሽ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ጀምሮ ለአንዳንዱ ተማሪ በኮምፒውተር ሆኗል። ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ ሰዓቱን ማውዙን ሲያሳድድ ይጨርሰዋል። የኔ ወንድም ልጅ ጌም ሲጫወት ነው እጁ የተፍታታው። ስለዚህም ነው አሮጌ ስል በጣም አሮጌ የማልለው። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነጻ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው የሚቀበለው። አይ5 ከሚለው ቀጥሎ ያለችውን ቁጥር እያት፤ 3470 ከሆነ 3ኛ ትውልድ ነው፣ 8500 ከሆነ 8ኛ። ባለ አይ5-8500 ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ካገኘህ ስድስት ኮር አለው፣ ዓመታት ያስኬድሃል። ብሩ ካልበቃ ነው ወደ 7010 የምትወርደው።

ልጁ፦ እሺ፣ ሱቅ ገባሁ እንበል። ምን እላለሁ?

እኔ፦ መጀመሪያ «ታወር» በል። ትንሿን ነው የሚያቀርቡልህ፣ ያቺን ጠፍጣፋዋን። ለጭነት ስለምትመች በብዛት የምትገባው እሷ ናት። ቆንጆ ናት፣ ትረክሳለች፣ ጠረጴዛ አታጣብብም። ካርዱ ግን አይገባባትም፤ ለሷ የሚሆን አጭር ካርድ ፈልጎ ማግኘት ሌላ ሥራ ነው። ከልጆቻችን ስንቱ ካርዱን ለብቻው፣ ኮምፒውተሩን ለብቻው ገዝቶ እዚህ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው አለመገናኘታቸውን ያወቀው! አንዱ ኬዙን በመጋዝ እንቁረጠው ብሎኛል።

ልጁ፦ ቆረጡለት?

እኔ፦ ቆረጥኩለት። ካርዱ ገባ፣ አቧራውም ገባ። ቀጥሎ፣ ኮምፒውተሩን ክፈቱልኝ በል። የማይከፍት ሻጭ ካለ ውጣ። ራሙ አንድ ባለ 16 ከሚሆን ሁለት ባለ 8 ቢሆን ይሻላል፤ ጎን ለጎን ሲሠሩ መንገዱ ሁለት ይሆናል። ከዚያ ፍላሽህን አውጣ። ዛሬ ማታ ሦስት ፕሮግራም እጭንልሃለሁ። ጂፒዩ-ዚ የካርዱን እውነተኛ ማንነት ይነግርሃል። በፈረንጆቹ 2010 የወጣ ጂቲኤስ 450 የሚባል ካርድ ውስጡን ለውጠው «1050 ቲአይ ነኝ» እንዲል ያደርጉታል፤ ዊንዶውስም ያምናል። ጂፒዩ-ዚ ግን ፌክ ብሎ ይጽፍልሃል። ፈርማርክ ደግሞ ካርዱን ያስጨንቀዋል፤ 15 ደቂቃ አስሩጠው። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ከታየ፣ ወይም ባለቤቱ «ተው ይበቃል» ማለት ካበዛ፣ ገባህ።

ልጁ፦ ሦስተኛውስ?

እኔ፦ ክሪስታልዲስክኢንፎ፣ ለዲስኩ። ስንት ሰዓት እንደሠራ ይቆጥራል። «ሁለት ወር ብቻ ነው» ያሉኝ ዲስክ 30,000 ሰዓት አንብቤበታለሁ፤ ከሦስት ዓመት በላይ ማለት ነው። ዊንዶውሱ ኤስኤስዲ ላይ ይሁን፣ 256 ጂቢ ይበቃል። ጨዋታውን በአሮጌ ሃርድ ዲስክ አስቀምጠው፤ ከዚያ ካርቶን ውስጥ ያልሞተ ፈልጌ እሰጥሃለሁ።

እናቱ፦ ስክሪኑስ? ስለሱ ማንም አልተናገረ።

እኔ፦ የኔን አሮጌ ውሰዱት። 1600 በ900 ነው፤ ሙሉ ኤችዲ ከሚባለው 30 በመቶ ያህል ነጥብ ያንሰዋል። ማነሱ ደግ ነው፤ ካርዱ የሚስለው ያነሰ ነውና ጨዋታው ይፈጥናል። ግን ቪጂኤ ነው፣ ያ ሰማያዊው መሰኪያ። አዲሶቹ ካርዶች ቪጂኤ የላቸውም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የምትቀይረዋን አዳፕተር አትርሳ። ትንሽ ነገር ናት፤ እሷን ረስቶ ለአንድ ሳምንት ኮምፒውተሩን እያየ የተቀመጠ አለ።

ልጁ፦ አክስቴ ከጅዳ ስትመጣ ካርዱን በሻንጣ ብታመጣልኝስ? እዚያ አዲስ ይገኛል።

እናቱ፦ እሷን አታስቸግር። ቤት እየሠራች ነው፤ ሻንጣዋ በር መዝጊያና ቧንቧ ነው።

እኔ፦ ልክ ናት። ደግሞ ቢበላሽ ማን ጅዳ ይወስደዋል? ከሚመለስበት ቦታ ግዛ። አንድ ሳምንት እንኳ ይሁን፣ ዋስትናውን በደረሰኝ ጀርባ አስጽፍ፤ ስልክ ቁጥሩንም አስጽፍ።

እናቱ፦ የኛ አገር ብርድ ለዕቃው አይበጀውም? ማራገቢያ ምን ያደርግለታል?

እኔ፦ ብርዱ ይበጀዋል። አየሩ ግን ስስ ነው እታለም። መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው የሚመዝነው። ማራገቢያ ሙቀት የሚያወጣው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ያው ማራገቢያ በጥድፊያ ይዞራል፣ ይጮሃል። ስለዚህ ኬዙን ግድግዳ ላይ አታስጠጉት፣ ቁምሳጥን ውስጥ አትክተቱት፣ ዳንቴልም አታልብሱት።

እናቱ፦ ዳንቴሉን እንዴት አወቅህብኝ?

እኔ፦ ቴሌቪዥንሽን አይቼ። በበጋ ደግሞ ኮምፒውተሩ አቧራ ይጠጣል። በአፍህ እፍ አትበልበት፣ ምራቅ ነው የምትረጭበት። ጎሚስታው ጋ ውሰደው፤ ግን መጀመሪያ የኮምፕሬሰሩን ውሃ ወደ ውጭ አስተፍተህ፣ ራቅ አድርገህ፣ ማራገቢያውን በጣትህ ይዘህ። ካልያዝከው በንፋሱ ከልኩ በላይ ይዞርና ይሰበራል።

ልጁ፦ አጎቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይኼ ሁሉ ተደርጎ ከዚያ ከአሜሪካዊው ምን ያህል ይበልጠኛል?

እኔ፦ በጣም ይበልጥሃል። እሱ የዘንድሮውን ጨዋታ በሙሉ ውበቱ ያያል። አንተ የዛሬ አሥር ዓመቱን በደህና ፍጥነት፣ ያለፉትን አምስት ዓመታት ደግሞ ማስተካከያውን ዝቅ አድርገህ ታያለህ። የዘንድሮዎቹ ብዙዎቹ አይከፈቱልህም። ይኼን ሳልነግርህ ብቀር ሌባ ነኝ። ግን ክረምት ገብቶ መብራት አሥሬ ሄዶ አሥሬ ሲመጣ፣ ያንተው ይነሳል።

ልጁ፦ ይሁን። ይጻፉልኝ እስኪ።

በፈተና ፎቶ ኮፒ ጀርባ ላይ ጻፍኩለት። ኤርዝ፣ ባለ ሦስት ቀዳዳ ዲቫይደር፣ ዩፒኤስ፣ ታወር ከአይ5-8500 ጋር፣ ሁለት ባለ 8 ራም፣ ኤስኤስዲ፣ አዳፕተር። 1650 መጨረሻ ላይ። እህቴ ወረቀቱን ተቀብላ፣ በከንፈሯ እየቆጠረች፣ በእስክሪብቶዬ ጎን ለጎን ብሩን ጻፈች። ሁለት ጊዜ ደመረችው።

እናቱ፦ ካርዱ ላይ ሲደርስ ያልቃል። ትንሽ ይጎድላል።

ልጁ፦ ዩፒኤሱን ብናስቀረው...

እኔ፦ ካርዱን አስቀረው። ያለሱም ፔስ ይጫወትልሃል፤ ፕሮሰሰሩ የራሱ ትንሽ ስዕል መሳያ አለው። ለከርሞ ትሰካዋለህ።

እናቱ፦ ለከርሞ አይበል። ጌም ቤት የሚከፍለውን ለሦስት ወር ለኔ ይስጠኝ፣ የጎደለውን እኔ እሞላዋለሁ። ደብተሩ አለኝ።

ልጁ፦ ሦስት ወር ጌም ቤት ሳልሄድ?

እናቱ፦ ገበጣ ተጫወት። እኛ ድንጋይ ቆፍረን ነበር የምንጫወተው፤ ራምም አልፈለገ፣ መብራትም አልፈለገ።

እኔ፦ ገበጣንም በስልክ አውጥተውታል፤ አዲስ አበባ ያሉት የቅኔ ጌምስ ልጆች። ኩኩሉ የሚባልም አላቸው፣ የምትሸሽ ዶሮ። እስከዚያ በሱ ቆይ። ገዝተህ ስትመለስ ግን አንድ አደራ፤ ካርዱን ሰክተህ አውቶቡስ ላይ አትጫነው። ከዚህ እስከ ደሴ ያለውን መንገድ ታውቀዋለህ፤ ካርዱ ይወዛወዝና የተሰካበትን ገንጥሎት ይወድቃል። ንቀለው፣ በዚያ ብርማ ከረጢቱ መልሰህ ክተተው፣ ታፋህ ላይ ያዘው። ታወሩንም ፖርቶ መጋላ ላይ እንዳትሰጥ። አስተኝተህ፣ እግርህ ሥር፣ በሆነ ወፍራም ነገር ጠቅልለህ።

እናቱ፦ ጋቢ እሰጠዋለሁ። አዲሱን ግን አይደለም።